ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ የሚታዩ የደም ሕመሞች

ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ የሚታዩ የደም ሕመሞች በዋናነት የቀይ ደም ሕዋሳት፣ የነጭ ደም ሕዋሳት ወይም የፕሌትሌት ቁጥር ከመጠን በታች መውረድ ናቸው። ከሁሉም የሚበዛው የደም ማነስ ነው። የደም ማነስ በራሱ የተሟላ የበሽታ ስም ሳይሆን ከጀርባው ምክንያት ያለው ምልክት ስለሆነ ትክክለኛው ሕክምና የሚታወቀው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ይፋግና አዲስ ዘመን በሚገኙበት በሊቦ ከምከም ወረዳ ከምክንያቶቹ አንዱ ካላ አዛር ነው። በዚያ የደረሰው ወረርሽኝ ምክንያትን ዘግይቶ ማወቅ የሚያስከትለውን ጉዳት አሳይቷል።

ደም የሚዛባበት መንገድ

የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት በውስጣቸው ባለው ሄሞግሎቢን አማካይነት ኦክስጅን ያመላልሳሉ፤ ነጮቹ ሰውነትን ከተዋሲያን ይከላከላሉ፤ ፕሌትሌቶች ደግሞ ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ። ኤች አይ ቪ ሲዲ4 የተባሉትን ነጭ ሕዋሳት ከማጥቃቱም በላይ የመቅኔውን ሥራ ያውካል። ቫይረሱ የሚያስከትለው የማያቋርጥ ብግነት በሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በመጋዘኑ ታስሮ እንዲቀር ስለሚያደርግ፣ ብረት እያለ እንኳ አዲስ ቀይ ሕዋስ በበቂ መጠን አይመረትም።

በዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ደም መጣጭ የአንጀት ትሎች፣ የምግብ እጥረት፣ ሊምፎማ የተባለው ካንሰርና አንዳንድ መድኃኒቶች ሲጨመሩ የደም ማነሱ ይባባሳል። በአንድ ታማሚ ላይ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

የፕሌትሌት ማነስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውነት በራሱ ፕሌትሌቶች ላይ ፀረ እንግዳ አካላት ሲያመርትና ጣፊያ እነዚህን ፕሌትሌቶች ሲያጠፋቸው ነው። ጤናማው ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ቁጥሩ በጣም ሲወርድ ነስር፣ የድድ መድማትና በቆዳ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ይታያሉ። ይህ ችግር ሌላ የሕመም ምልክት ሳይኖር ሊከሰት ስለሚችል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የፕሌትሌት ማነስ ያለበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግለታል።

የደም ማነስ ልኬትና ከፍታ

የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ የሚለው ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲሊትር ለወንድ ከ13 ግራም፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም፣ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላለች ነፍሰ ጡር ከ11 ግራም በታች ሲሆን ነው። ይህ ልክ የተቀመጠው ለቆላማ የባሕር ወለል ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ያመርታል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የድርጅቱ የ2011 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ ለ2,500 ሜትር ከፍታ 1.3 ግራም ይጨምር ነበር። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ በዚህ ስሌት ሄሞግሎቢኑ 13.5 ግራም የሆነ ወንድ በደብረ ታቦር የደም ማነስ አለበት ይባላል፤ በቆላ ግን ጤነኛ ነው።

ሆኖም በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ በደጋው የሚኖርን ታማሚ በአንድ ጊዜ ቁጥር ብቻ ከመመዘን ይልቅ ቁጥሩ ከቀድሞው መውረድ አለመውረዱን መከታተል የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

መድኃኒቶች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የተጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በቀደሙት ዓመታት በስፋት ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዚዶቩዲን መቅኔን ስለሚጫን የደም ማነስና የነጭ ሕዋሳት መቀነስ ያመጣል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በመሆኑም ከባድ የደም ማነስ ላለበት ሰው ዚዶቩዲን አይመረጥም። ኮትሪሞክሳዞልም (ባክትሪም) በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስ ይችላል።

ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የያዘው ክኒን መቅኔን የሚጎዳው ከዚዶቩዲን በጣም ባነሰ መጠን ነው። ነገር ግን የብረት ክኒን የዶሉቴግራቪርን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል። ስለዚህ የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው፣ ለምሳሌ ነፍሰ ጡር፣ ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትወስዳለች፤ አለዚያ ሁለቱን ከምግብ ጋር አብራ ትወስዳለች።

በአጠቃላይ ግን የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ቫይረሱን ሲያፍን የደም ሕዋሳት ቁጥር ይሻሻላል። መድኃኒቱን በፍርሃት ማቋረጥ ደሙን ይበልጥ ይጎዳል።

ካላ አዛር በሊቦ ከምከም

ካላ አዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የጥገኛ ተዋሲ በሽታ ነው። ተዋሲው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ይራባል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ሳይታከም ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ በሽታው የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነበር። በሊቦ ከምከም ግን ሰዎች ረዥም ትኩሳት ይዟቸው ሲከሱና ሲሞቱ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታሰበ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) ካላ አዛር መሆኑ ሲረጋገጥ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ፤ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ታከሙ። በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ለአጨዳና ለአረም ወደ ቆላ ወርደው በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል።

ኤች አይ ቪና ካላ አዛር እርስ በርስ ይበረታታሉ። ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ ሁለቱ ያሉበት ሰው ከሕክምና በኋላም በሽታው ደጋግሞ ሊያገረሽበት ይችላል። የደም ማነሱ በኤች አይ ቪ ብቻ የመጣ ነው ተብሎ ከታለፈ ደግሞ ሊድን የሚችለው ካላ አዛር ሳይታከም ይቀራል።

ምርመራና ሕክምና

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ሰው በዚህ አካባቢ ከወባ በተጨማሪ ለካላ አዛር ይመረመራል፤ ካላ አዛር የተገኘበት ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልገዋል። በኤች አይ ቪ ታማሚዎች ላይ ፈጣኑ የደም ምርመራ በሽታውን ሊስት ስለሚችል ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። ፕሌትሌት ከ40,000 በታች ከሆነ ግን የመድማት አደጋ ስላለ ከጣፊያ አይወሰድም።

የቆየው መርፌ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሰዎች መርዛማነቱ ያይላል። በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ጥናት ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር ሲሰጥ የተሻለ ውጤት እንዳለው ካሳየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥምር ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል። ከዚህ ጋር የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይቀጥላል፤ ካላ አዛሩ ሲድን ጣፊያው ይቀንሳል፣ የደም ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ይመለሳሉ።