ታይሮይድን የምታዝዘው ትንሿ ዕጢ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ አበው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ። እንቅርት በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ዕጢውን «እደግ» የሚለው ትእዛዝ ግን የሚመነጨው ከአንገት ሳይሆን ከአንጎል ሥር ነው። አዛዧም የአተር ፍሬ የምታክለው የፒቱታሪ ዕጢ ናት።

ከእንቁራሪት እስከ አይጥ

እ.ኤ.አ. በ1916 ቤኔት አለን እና ፊሊፕ ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ በየግላቸው ባካሄዱት ሙከራ፣ ፒቱታሪያቸው የተወገደባቸው የእንቁራሪት እጮች ታይሮይዳቸው ቀጭጮ ወደ እንቁራሪትነት ሳይለወጡ እንደሚቀሩ አሳዩ። ስሚዝ ምርምሩን በአይጦች ላይ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ሥራም፣ ፒቱታሪ በመወገዷ የቀጨጨው ታይሮይድ ከሌሎች አይጦች የተወሰደ ትኩስ ፒቱታሪ በየዕለቱ ሲተከልላቸው እንደሚያገግም ገለጸ።

ትእዛዙ እንዴት ይደርሳል?

የፒቱታሪ መልእክተኛ ታይሮይድ አነቃቂ ሆርሞን ይባላል። ይህ ሆርሞን በደም ተጉዞ በታይሮይድ ሕዋሳት ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ፣ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተሰኘው ንጥረ ነገር ይበዛል። ይህም የታይሮግሎቡሊን ጂን ወደ አር.ኤን.ኤ. እንዲገለበጥ፣ ከዚያም ፕሮቲኑ እንዲመረት ያደርጋል። ታይሮግሎቡሊን 660,000 ዳልተን ያህል የሚመዝን ግዙፍ ፕሮቲን ሲሆን፣ አዮዲን ከታይሮሲን አሚኖ አሲዶቹ ጋር ተጣምሮ የታይሮይድ ሆርሞኖች የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት የትእዛዙን ኃይል በጂን ደረጃ አረጋገጠ። ፒቱታሪያቸው በተወገደባቸው አይጦች የታይሮግሎቡሊን ጂን መገልበጥ ከሞላ ጎደል ቆመ፤ ከከብት የተገኘው አነቃቂ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በፍጥነት ወደ መደበኛ መጠኑ ተመለሰ። በአንጻሩ ታይሮይድን በሚገታ መድኃኒት ምክንያት ሆርሞኑ በደማቸው ውስጥ እጅግ ሲበዛ፣ የጂኑ መገልበጥ ጉልህ ጭማሪ አላሳየም።

ያልተመለሰ ጥሪ

በጤናማ አካል ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞኖች በደም ሲበረክቱ ፒቱታሪ ትእዛዟን ትቀንሳለች፤ ሲያንሱም ታበረታለች። አዮዲን በምግብ ውስጥ ሲጠፋ ግን ይህ ሚዛን ይናጋል። ፕሮቲኑ ቢኖርም የሚጣመረው አዮዲን ስለሌለ በቂ ሆርሞን አይሠራም፤ ፒቱታሪም ማዘዟን አታቋርጥም። ባለማቋረጥ የሚነቃቁት የታይሮይድ ሕዋሳት ይገዝፋሉ፣ ይበዛሉ፤ አንገትም ያብጣል።

እንግዲህ እንቅርት ዕጢው ስለሰነፈ የሚመጣ ሳይሆን፣ ጥሬ ዕቃ ሳይቀርብለት እንዲሠራ በመገደዱ የሚከሰት ነው። ጉዳቱም ከአንገት ያልፋል፤ በእርግዝና ወቅት የሚደርስ ከባድ የአዮዲን እጥረት የጽንሱን አንጎል ዕድገት ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ማስገደዷ ለዚህ ነው። ጨውን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ደግሞ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ነው።