ቁጥሩ ከየት ይጀምራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ሲጓዙ ቡሌ ሆራን፣ የቀድሞዋን ሀገረ ማርያም፣ እንዳለፉ መንገዱ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ ሞያሌ ላይ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዷል። በመሐል የሚገኙት ብዙዎቹ ወንዞች አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ናቸው፤ ፍየሎች ይሻገሯቸዋል። ሚያዝያ ላይ ደጋው ሲዘንብ ግን ያ አሸዋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደራሽ ጎርፍ ይሆናል።

እዚህ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ከብረቱና ከአርማታው በፊት ውሃው የት ድረስ እንደሚሞላ ማወቅ አለበት። የውሃ መለኪያ ባልተተከለበት ወንዝ ሰርቬየሩ ጎርፍ ግራር ላይ ሰቅሎት የሄደውን ጭራሮ ይፈልጋል፤ ከብት የሚያጠጡ ሽማግሌዎችንም ይጠይቃል። አንዱ አባት በከዘራቸው ያመለከቱት ድንጋይ ላይ ስታፍ የሚባለው የመለኪያ ዘንግ ይቆማል፣ ሌቭል በሚባለው መነጽር ይነበባል፣ ትዝታቸው ቁጥር ይሆናል። የድልድዩ ሆድ ከዚያ ቁጥር በላይ ክፍተት ትቶ ይቀመጣል፤ ጎርፉ ግንድ ጭኖ ነውና የሚመጣው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የኮምፒውተር ነው። በአውቶካድ ወይም በሲቪል ስሪዲ በተሠራ ድሮዊንግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ከጎኗም እንበል 1,642.385 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ ኤሌቬሽን፣ ማለትም በሜትር የተጻፈ ከፍታ ነው፤ የመጨረሻዋ 5 ሚሊ ሜትር ናት። መሠረቱ የሚያርፍበት፣ የምሰሶው አናት፣ ተሸካሚው ገርደር የሚቀመጥበት ቤሪንግ፣ የመንገዱ መሐልና ጠርዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። መሐልና ጠርዝ ለምን ተለያዩ? ዝናብ እንዲፈስ ወለሉ ወደ ጎን ያዘነብላል። በ2.5 በመቶ ተዳፋት ከመሐል 3.5 ሜትር ርቆ ያለው ጠርዝ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።

ቁጥሩን በእጅ መተየብ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የጎርፉ ስሌት ተከልሶ ድልድዩ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግ፣ ከሞዴሉ ጋር የተያያዘው ቁጥር ራሱን ያርማል፤ የተተየበው እንደነበረ ይቀራል፣ ፎርማኑም እሱን አምኖ አርማታ ይሞላል። መንገዱ ተቆርጦ ከጎን በሚታይበት ድሮዊንግ፣ በፕሮፋይል ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዳገት ቁልቁለቱ ጎልቶ እንዲታይ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 10 እጥፍ ተለጥጦ ይሳላል። መነሻ መስመሩ 1,640 ቢሆን የእኛ ነጥብ ከእሱ 2.385 ሳይሆን 23.85 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ለ10 ማካፈል የረሳ ሰው ድልድዩን ከ21 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል። ይህስ ደግ ስሕተት ነው፣ ማንም ያየዋል። የሚያስፈራው ትንሹ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ጀርመንና ስዊዘርላንድ ላውፈንቡርግ ላይ በራይን ወንዝ የጋራ ድልድይ ሲሠሩ ይኸው ደረሰባቸው። ጀርመን ከፍታን ከሰሜን ባሕር፣ ስዊዘርላንድ ከሜዲትራኒያን ትቆጥራለች፤ ልዩነቱ 27 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ማስተካከያው ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተገልብጦ ገባና ልዩነቱ ዜሮ በመሆን ፈንታ 54 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስሕተቱ የታወቀው ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

እኛም የባሕር በር ሳይኖረን ቁመታችንን በባሕር እንለካለን። ጂፒኤስ በበኩሉ ባሕሩን አያውቀውም፤ የሚቆጥረው ምድርን ከሚወክል ለስላሳ የሒሳብ እንቁላል ላይ ነው። በዚያና በባሕር ጠለል መካከል ያለው ልዩነት በሜትር የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነው። አንዱን ዳርቻ በጂፒኤስ ጥሬ ንባብ፣ ሌላውን በሌቭል የለካ ቡድን በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አያይም፤ ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ቁጥር እስከ ሚሊ ሜትር አሳምሮ ይጽፍለታል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰርቬየር ድሮዊንግ ሲሰጠው ከሦስት ማዕዘኖቹ በፊት ጥግ ላይ የተጻፈውን የቤንችማርክ፣ ከፍታው የታወቀውን የመነሻ ነጥብ፣ ማስታወሻ ያነባል። ሳይት ላይ ያ ቤንችማርክ በአርማታ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው፤ ግሬደር ከገፋው የድሮዊንጉ ቁጥሮች ሁሉ መነሻ ያጣሉ። በእነዚህ የአሸዋ ወንዞች ዳር ደግሞ ሁለት ይተክላል፤ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ማዶ፣ ሁለቱንም ሽማግሌው በከዘራቸው ካሳዩት ድንጋይ በላይ።