ተጨማሪ መረጃ፦ መጀመሪያ ኳሱን፣ ከዚያ መሬቱን

ከልደታ ብዙም በማይርቀው ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የጎልፍ ሜዳ አለ። በብረት ዱላ የተመታ ኳስ አንዴ ርቆ ይበርራል፤ ቀጥሎ ደግሞ እግር ሥር ይቀራል። ጀማሪ ይህን በክንዱ ጉልበት ያሳብባል፤ መልሱ ግን በክብ እንቅስቃሴ ትምህርታችሁ ውስጥ አለ። ዱላው ሲሰነዘር ጫፉ ቅስት ይሠራል፤ ቅስቱ ለመሬት እጅግ የሚቀርብበት ቦታ «ዝቅተኛ ነጥብ» ይባላል። ይህ ነጥብ ከኳሱ ኋላ ከዋለ ዱላው አስቀድሞ አፈር ይዝቃል፣ ፍጥነቱም ይባክናል፤ ወይም ሽቅብ ሲነሣ የኳሱን አናት ብቻ ይነካል። ማስረጃው ሣሩ ላይ ነው፦ የጥሩ ተጫዋች ብረት ሣር የሚቦጭቀው ኳሱ ከነበረበት አለፍ ብሎ ነው፤ ማለትም ኳሱን የሚመታው ገና ቁልቁል ሲወርድ ነው።

«ኳሱ ቁልቁል ተመትቶ እንዴት ይነሣል?» ትሉ ይሆናል። የሚያነሣው የዱላው ፊት ወደ ኋላ መጋደሉ ነው፤ 7 ቁጥር ብረት ብዙውን ጊዜ 30 ዲግሪ ገደማ ያጋድላል። ዝቅተኛ ነጥባችሁን ለማወቅ፣ የገና ዱላ ካላችሁ አፈር ላይ በኳሱ ቦታ መስመር አስምሩና ያለ ኳስ ደጋግማችሁ ሰንዝሩ። ጭረቱ ያረፈው ከመስመሩ ኋላ ነው ወይስ አለፍ ብሎ በዒላማው በኩል? ከዚያ ክብደታችሁን በዒላማው በኩል ባለው እግር ላይ አሳርፋችሁ ድገሙት።