ስለ ሕንድ የጥንት ሥርዓትና ስለ እጅ ሥራ ክብር

ሰው ከሚበላው እህልና ከሚለብሰው ልብስ አስቀድሞ የሠራተኛ እጅ አለ። ማረሻ ሳይኖር እርሻ፥ ሸማኔ ሳይኖር ሸማ፥ ሸክላ ሠሪም ሳትኖር ምጣድና እንስራ አይገኝም። ይህ ለሕፃን እንኳ የታወቀ ነገር ሲሆን፥ ሠራተኛን በትውልዱ መናቅ ግን በብዙ አገር የኖረ ክፉ ልማድ ነው። የዚህ ልማድ አካሄድና ጉዳት በሕንድ አገር ታሪክ ተገልጦ ስለሚታይ፥ አስቀድመን እርሱን እንመልከት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ዓመት ገደማ፥ ኢንዱስ በሚባለው ታላቅ ወንዝ አገር ሐራፓና ሞሄንጆ ዳሮ የሚባሉ ከተሞች ተሠርተው ነበር። ስፍራቸው ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው መንግሥት ውስጥ ነው። ቤታቸው በእሳት በተተኮሰ ጡብ የታነጸ፥ መንገዳቸው የቀና፥ ለቆሻሻው ውሃም መውረጃ ቦይ የተበጀለት ነበር። የጡቡ መጠን የተስተካከለ፥ የነጋዴውም ሚዛን ልኩ አንድ ነበር። ጽሕፈታቸውን እስከ ዛሬ አንብቦ የተረጐመው የለም፤ ስለዚህ የገዢዎቻቸው ስም አይታወቅም። የጡብ ሠሪውና የግንበኛው ሥራ ግን ከ4,000 ዓመት በኋላ ቆሞ ይታያል።

እነዚህ ከተሞች ከጠፉ በኋላ በሕንድ አገር ሌላ ሥርዓት ተነሣ። ሕዝቡ በአራት ወገን ተከፈለ፤ ብራህማን የተባሉት ካህናት፥ ክሻትሪያ የተባሉት መኳንንትና ወታደሮች፥ ቫይሽያ የተባሉት ነጋዴዎችና ገበሬዎች፥ ሹድራ የተባሉት አገልጋዮች ናቸው። ቆዳ የሚፍቁትንና ጥራጊ የሚጠርጉትን ግን ከአራቱም ውጭ አድርገው፥ የነካቸው ይረክሳል አሉ። ዘመን እየረዘመ በሄደ ቍጥር ሥርዓቱ እየጠነከረ ሄደ፤ ልጅ የአባቱን ሥራ ከነንቀቱ ይወርስ ጀመር፤ ጥበቡም ትምህርቱም ከተወለደበት ወገን አያወጣውም ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ዓመት ገደማ ቻንድራጉፕታ የሚባል ሰው ፓታሊፑትራ በምትባል ከተማ ነግሦ የማውርያን መንግሥት አቆመ። የልጁ ልጅ አሾካ አባቶቹ ያላሸነፉትን የካሊንጋን አገር በጦር ወጋ። በዚያ ጦርነት 100,000 ሰው እንደ ሞተና 150,000 ሰው እንደ ተማረከ ንጉሡ ራሱ በድንጋይ አስቀርጾ ተናግሯል። ድል አድርጎ ሳለ ስለ ፈሰሰው ደም እጅግ ተጸጸተ፤ የቡድሃንም ትምህርት ተቀብሎ፥ ሰው ሁሉ ለወላጆቹ እንዲታዘዝ፥ ለባሪያውና ለአገልጋዩም እንዲራራ በየአገሩ በዓለትና በዓምድ ላይ አስቀረጸ። ነገር ግን እርሱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ያህል ቆይቶ መንግሥቱ ፈረሰ። በድንጋይ የተቀረጸው ቃል ሳይጠፋ፥ በሰው ልብ የተቀረጸው ንቀት ከእርሱ ጋር አብሮ ኖረ።

ይህን ስንሰማ የሩቅ አገር ነገር ነው ብለን እንዳናልፈው ያስፈልጋል። ሕንድና ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ በባሕር የተገናኙ ናቸው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ የግሪክ ነጋዴ በጻፈው መጽሐፍ፥ ከሕንድ ብረትና የጥጥ ልብስ ወደ አዱሊስ ወደብ ይመጣ እንደ ነበረ ይናገራል። በደብረ ዳሞም በሰሜን ሕንድ የነገሡት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ተገኝቷል። እንግዲህ አባቶቻችን ለብረትና ለሸማ ባሕር ያህል መንገድ ሲያስከፍቱ፥ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን ግን በአጠገባቸው ሳለ ናቁት።

በባሌ ደጋ፥ በጎባና በሮቤ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ገብስና ስንዴ አራሽ ነው። ማረሻውና ማጭዱ ከቀጥቃጭ እጅ የወጣ ነው። ቀጥቃጩንም ኦሮሞው ቱምቱ፥ አማራው ጠይብ ይለዋል። ገበሬው ያለ እርሱ ማረስ የማይችል ሲሆን፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ወይም በጋብቻ መዛመድን የሚጸየፍ ብዙ ነበር። ይህም የባሌ ብቻ አይደለም፤ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው እያሉ መሸሽ የኖረ ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ይሁን እንጂ አሁን በሮቤ ሜዳ ስንዴውን ኮምባይነር ሲያጭደው፥ ያ ታላቅ መኪና በተሰበረ ቀን ባለቤቱ የሚሮጠው ወደ ብረት ሠሪው ቤት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። መጻሕፍት ቅዱሳንም ይህንኑ ያስተምራሉ። የመገናኛውን ድንኳን ዕቃ የሠራው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተመላ የእጅ ጥበበኛ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ ጌታችንም ያደገው በጠራቢው በዮሴፍ ቤት ነው።

በሕንድም በ1942 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሰውን ርኩስ ብሎ መለየትን ከለከለ። የአርቃቂዎቹ ሹም አምበድካር የሚባል ሊቅ ነበር። እርሱ ራሱ ከተናቁት ወገን የተወለደ ስለ ሆነ፥ በሕፃንነቱ በተማሪ ቤት ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ በአጠገቡ መቀመጥን የተጸየፉት ልጆች፥ ለአገራቸው ሕግ የሚጽፈውን ሰው እንደ ናቁ አላወቁም።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ሕግ የሰውን አንደበት ይከለክላል፤ ልብን የሚያቀናው ግን ትምህርትና ምግባር ነው። አዋጅ በወረቀት፥ ቃልም በድንጋይ ቢጻፍ፥ አንተ በልብህ ካልጻፍኸው ከንቱ ይሆናል። የቀጥቃጩ ልጅ ወደ ተማሪ ቤት ቢመጣ ከአጠገብህ አስቀምጠው፤ መጽሐፍህንም አካፍለው፤ በአባቱ ሥራ የሚሰድበውን ሰው ዝም ብለህ አትስማ። የአባቱ ማረሻ ያረሰውን እንጀራ ዛሬ ጠዋት በልተህ መምጣትህን አስብ።