በውጭ አገር ሙዚቃ ለመማር የሚያመለክቱ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ሊያውቁት የሚገባ

በውጭ አገር የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ለመከታተል የሚፈልጉ አመልካቾች አብዛኛውን ጊዜያቸውን ለመሣሪያ ልምምድና ለችሎታ ማሳያ ቅጂ ያውላሉ፤ የቋንቋ ፈተናውን ለመጨረሻ ያቆዩታል። ይሁን እንጂ በችሎታ ፈተና የተመረጠ ተማሪም የቋንቋ ማስረጃውን በወቅቱ ካላሟላ ያገኘውን ቦታ ሊያጣ ይችላል።

የብሪታንያ አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ኮንሰርቫቶሪዎች የሚላከው የሙዚቃ ማመልከቻ ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ በመስከረም 20ዎቹ ይዘጋል። የአይኤልትስ ውጤት ደግሞ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የተፈተነ አመልካች በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲያመለክት ውጤቱ የጸና ነው፤ በሐምሌ 2018 ዓ.ም. ቪዛ ሲጠይቅ ግን ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ቀኑ መሰላት ያለበት ከማመልከቻው ሳይሆን ከጉዞው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው።

የፈተናው ዓይነትም መለየት አለበት። ለዲግሪ ትምህርት የሚጠየቀው አካዳሚክ የተባለው አይኤልትስ ነው። ከዲግሪ በታች ላሉ መሰናዶ ትምህርቶች ግን የብሪታንያ መንግሥት ለቪዛ ያጸደቀው ፈተና ያስፈልጋል፤ የአይኤልትስ ዩኬቪአይ ይዘት ከመደበኛው ጋር አንድ ቢሆንም መደበኛው አይተካውም። በጀርመንና በኦስትሪያ በሚገኙ በርካታ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚጠየቀው የጀርመንኛ ማስረጃ ነው።

ፈተናው የሙዚቃ ዕውቀትን አይለካም። የሠለጠነ ጆሮ ለማዳመጥ ክፍሉ በቂ ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን የሆሄያት ስሕተትም ነጥብ ያስቀንሳል። ከሁሉ በላይ ዝግጅት የሚሻው የጽሑፍ ክፍል ነው። በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፎች ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው፣ ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ የሚገለጽበት፣ ቢያንስ 150 ቃላት፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ሊኖሩት ይገባል። የሁለተኛው ክብደት የመጀመሪያው እጥፍ በመሆኑ በልምምድ ጊዜም ቅድሚያ ቢሰጠው ይመረጣል።

የሚጠየቀው ውጤት እንደየተቋሙና እንደየትምህርቱ ይለያያል፤ ለመሣሪያ ጨዋታ ከሚጠየቀው ይልቅ ረጅም ጽሑፍ ለሚሠራበት የሙዚቃ ጥናት ከፍ ሊል ይችላል። አመልካቾች አማካዩን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ክፍል የተቀመጠውን ዝቅተኛ ነጥብም ማየት ይኖርባቸዋል። በምዝገባ ወቅት የተሞላው የፓስፖርት ቁጥር በፈተናው ዕለት ከሚቀርበው ፓስፖርት ጋር አንድ መሆን ስላለበት፣ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን የተቃረበ አመልካች ከመመዝገቡ በፊት ቢያሳድስ ይበጀዋል።