የክሊፐርተን ደሴት መልክዐ ምድርና ታሪክ

ክሊፐርተን ከሜክሲኮ ጠረፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች፥ ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት። ቅርጿ ቀለበት ነው፤ እንዲህ ያለው ደሴት አቶል ይባላል። በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው መልኳን ለመገመት አይቸገርም፤ አፈጣጠራቸው ግን የተለያየ ነው። ዘንገና እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውሃ ተጠራቅሞ የተገኘ ነው። አቶል ግን፥ ቻርልስ ዳርዊን በ1842 እንዳብራራው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፥ የእሳተ ገሞራው ተራራ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ሲሰምጥ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት በዙሪያው የገነቡት የኖራ ድንጋይ ቅጥር ነው። በክሊፐርተን ቅጥሩ ዙሪያውን ስለ ገጠመ የውስጡ ሐይቅ ከውቅያኖሱ ጋር አይገናኝም። ከጥንቱ ተራራ 29 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አንድ ቋጥኝ ብቻ ቆሞ ይታያል።

ፈረንሳይ በ1858 ደሴቲቱን የራሷ ማድረጓን ያወጀችው መኮንኗ በመርከብ ላይ ሆኖ ነው፤ በምድሯ ላይ ምልክት እንኳ አልተወም። ሜክሲኮ በ1897 ሰንደቅ ዓላማዋን ተከለችባት፤ በኋላም ወታደሮችን ከነቤተሰቦቻቸው አሰፈረች። በሜክሲኮ አብዮት ምክንያት ስንቅ አመላላሿ መርከብ ስትቀር ሰፋሪዎቹ በረኃብና አትክልት በማጣት በሚመጣው በሽታ አለቁ። በ1917 አንዲት የአሜሪካ የጦር መርከብ ደርሳ ያነሣችው ጥቂት ሴቶችንና ሕፃናትን ብቻ ነበር።

ሁለቱ መንግሥታት ክርክራቸውን በ1909 ለጣልያን ንጉሥ ለቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ዳኝነት አቅርበው ነበር። ንጉሡ በጃንዋሪ 1931 ለፈረንሳይ ፈረደ። ባለቤትነት የሚጸናው መሬትን በተግባር ይዞ በማስተዳደር ቢሆንም፥ ፈጽሞ ሰው የሌለበት ምድር ግን ያዡ መንግሥት ከታየበት ሰዓት ጀምሮ በእጁ እንደ ገባ ይቆጠራል ሲል በየነ። በሜይ 1936፥ ጦሩ አዲስ አበባ በገባ በ4ኛው ቀን፥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ለራሱ የወሰደው ይኸው ዳኛ ነው። ያ አገር ግን ሕዝብም መንግሥትም ነበረው፤ የጎጃም አርበኞችም ማዕረጉን ሳይቀበሉት የቡሬ ምሽግ በማርች 1941 ከጣልያን ጦር ተለቀቀ።

ሜክሲኮ ፍርዱን ተቀብላለች። ፈረንሳይም በደሴቲቱ ምክንያት ከ400,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባሕር ክልል ይገባኛል ትላለች። ይሁንና የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ሰው ሊኖርባቸው ወይም የራሳቸው የኢኮኖሚ ሕይወት ሊኖራቸው የማይችሉ ቋጥኞች እንዲህ ያለ ክልል እንደማያስገኙ ይደነግጋል፤ ስለዚህ በ1931 ለፈረንሳይ የጠቀማት የደሴቲቱ ባዶነት ዛሬ በሕግ ሊቃውንት ዘንድ መከራከሪያ ሆኖባታል።