አንዲ ካፍማን፦ እስኪናደዱ የሚጠብቀው ኮሜዲያን

ኦክቶበር 11 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ፣ አንድ ዓይኑን የሚያቁለጨልጭ ወጣት ከሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ቆሞ ታየ። የከፈተው የአንድ የልጆች ካርቱን ፊልም መዝሙር ነበር። ሸክላው ሲዘፍን እሱ አፉን ገጥሞ በጭንቀት ተራውን ይጠብቃል። ጀግናው አይጥ የሚዘፍንባት አንዲት ስንኝ ስትደርስ ብቻ ክንዱን በኩራት አንስቶ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ወዲያው ወደ ጭንቀቱ ይመለሳል። መሀል ላይ ውሃ ተጎነጨ። ትርዒቱ ይኸው ነው፤ ታዳሚው ግን በሳቅ አውካካ።

አንዲ ካፍማን በ1949 ኒውዮርክ ተወልዶ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ግሬት ኔክ በምትባል ከተማ ያደገ ሲሆን፣ ገና በልጅነቱ በሕፃናት የልደት ግብዣዎች ላይ እየተገኘ ያጫውት ነበር። ኮሜዲያን መባልን አይወድም፤ ራሱን የሚጠራው ዘፈንና ጭፈራ አቅራቢ እያለ ነው። ሌላው ቀልደኛ ሳቅ ካጣ ይደነግጣል። እሱ ግን ዝምታውንም፣ ሐፍረቱንም፣ ንዴቱንም ለሥራው ይፈልጋቸዋል።

ስሙን ያስጠራው «የባዕድ አገር ሰው» የተባለው ገጸ ባሕርይ ነው። ይህ ሰው በካስፒያን ባሕር ላይ ካለች፣ ካርታ ላይ ግን ከሌለች ደሴት የመጣ ነው። በቀጭን ድምፅ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ስለ ሚስቱ ምግብ መጨረሻ የሌለው ቀልድ ያወራል። ከዚያ የታዋቂ ሰዎችን አነጋገር ላስመስል ይላል፤ ፕሬዚዳንቱም ሆነ ሌላው በዚያው በራሱ ቅላጼ ይናገራሉ። ከተመልካቹ ግማሹ ያዝንለታል፣ ግማሹ አንገቱን ይደፋል፣ ወጥቶ የሚሄድም አለ። በመጨረሻ «አሁን ኤልቪስ ፕሪስሊን» ይልና ጀርባውን ሰጥቶ ፀጉሩን ያበጥራል። ዞር ሲል ያ ምስኪን የለም፤ ኤልቪስ ራሱ የቆመ ይመስል መድረኩን የሚያንቀጠቅጥ ዘፋኝ ነው። ጭብጨባው ሳያባራ በዚያችው ቀጭን ድምፅ አመስግኖ ይወርዳል።

ይኸው ገጸ ባሕርይ በ1978 «ታክሲ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መካኒኩ ላትካ ሆኖ ብቅ አለ። ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ካፍማን ሥራውን ብዙም አልወደደውም፤ ዝነኛ ከሆነም በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን ያነሳ ነበር።

በ1979 በካርኔጊ አዳራሽ ባቀረበው ትርዒት አያቱ ናቸው ያላቸው አሮጊት መድረኩ ላይ ወንበር ይዘው ሲመለከቱ አመሹ፤ መጨረሻ ላይ ኮሜዲያኑ ሮቢን ዊልያምስ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ታዳሚውን በአውቶቡሶች ጭኖ ወተትና ብስኩት ጋበዘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ታላቁ ጋትስቢ» የተባለውን ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያነበበ ሰው ያስመርራል። አንብብ ወይስ ሸክላ ልክፈት ብሎ ሲጠይቅ ሸክላውን ይመርጣሉ፤ ሸክላው ላይ ያለው የራሱ ድምፅ ነው፣ ንባቡን የሚቀጥል።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው ካፍማን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወደው በነበረው የአሜሪካ የትዕይንት ትግል ውስጥ ነው። በዚያ አስቀድሞ በሚቀናበር ጨዋታ ክፉ ሰው ሆኖ የሚተውነው ታጋይ ሥራው መሰደብ ነው፤ ከመድረክ ወርዶም «የምሬን አይደለም» አይልም። ካፍማን ያን ሕግ ወደ ኮሜዲ አመጣው። ቶኒ ክሊፍተን የሚባል ታዳሚውን የሚሳደብ ዘፋኝ ፈጠረና እሱ እኔ አይደለሁም ብሎ ድርቅ አለ። ወዳጁ ቦብ ዝሙዳም አልፎ አልፎ ክሊፍተንን ስለሚጫወት፣ ክህደቱ አንዳንዴ እውነት ይሆን ነበር።

ከዚያ ሴቶችን መታገል ጀመረ። ላሸነፈችኝ 1,000 ዶላር እያለ፣ ሴት ለወጥ ቤት ነው የሚል ንግግር እየጨመረ ያናድዳል። እዚህ ላይ ጥብቅና ልቆምለት አልችልም፤ ስድቡ የክፉው ሰው ድርሰት ነው ቢባልም ንግግሩን የሚሰሙት ሴቶች እውነተኛ ነበሩ። ኤፕሪል 5 ቀን 1982 ሜምፊስ ውስጥ ጄሪ ሎውለር የተባለ ባለሙያ ታጋይ ገጠመው፤ ቁልቁል ዘቅዝቆ ጭንቅላቱን ከወለሉ አጋጨው። ካፍማን አንገቱን በድጋፍ አስሮ ከረመ። በጁላይ በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲገናኙ ሎውለር በጥፊ ከወንበሩ ጣለው፣ እሱም ተሳድቦ ቡና ደፋበት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ካፍማን ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ተመልካቹን በስልክ ድምፅ አሰጠ። 169,186 ሰው ይቆይ፣ 195,544 ሰው ደግሞ ይቅር አለ። ካፍማን እዚያ መድረክ ላይ ዳግም በቀጥታ አልቀረበም።

ሜይ 16 ቀን 1984 በ35 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሲሞት ብዙዎች አናምንም አሉ፤ ዛሬም የማያምኑ አሉ። ከሎውለር ጋር የነበረው ጠብ ሁለቱ ተስማምተው ያቀናበሩት መሆኑ በይፋ የታወቀው ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1999 ሚሎሽ ፎርማን የካፍማንን ሕይወት ፊልም ሲያደርገው ካፍማንን የተጫወተው ጂም ኬሪ ነው። ሎውለር ግን ራሱን ሆኖ ተጫወተ፤ ጥፊውንም ደግሞ አሳረፈው።